ሐዋ የቆፈረችው አፈር

የእትዬ ሐዋን መሞት የሰማሁት በስልክ በመጣ የድምፅ መልእክት ነው። የላከችልኝ መዲና ናት፤ ካርቱም አንድ ግቢ ውስጥ ከሐዋ ጋር ግድግዳ ተጋርታ የኖረች ጎረቤቷ።

«ዘይነባ፣ ቁጭ ብለሽ ስሚኝ» ትላለች። «እትዬ ሐዋ አረፈች። ሦስት ቀን ትኩሳት ያዛት፣ መድኃኒት ፈልገን አጣን። ትናንት ከዙህር ሶላት በኋላ ቀበርናት። ብዙ ሰው አልነበረም።»

ጦርነቱ ካርቱምን ከበተነው ጀምሮ እኔና ቤተሰቤ በኢትዮጵያ ድንበር በኩል ባለችው ገዳሪፍ ከተማ ነን። መልእክቱን እንደሰማሁ ከማልቀሴ በፊት ያደረግኩት ነገር ቢኖር ተነስቼ ልጄ ኑራ የት እንዳለች ማየት ነው። በር ላይ ተቀምጣ ፀጉሯን ትሠራለች። እጇን ይዤ ገልብጬ መዳፏን አየሁ። ንጹህ ነው። ልጅቷ ዘጠኝ ዓመት አልፏታል፤ አፈር የምትበላበት ዕድሜ ካለፈ ቆይቷል። ግን ሐዋ ፍርሃቷን አስተምራኝ ነው የሄደችው፣ እሱም እስከ ዛሬ አልለቀቀኝም።

ሐዋን መጀመሪያ ያገኘኋት ካርቱም፣ ሪያድ የሚባል ሰፈር፣ አንድ ትልቅ ቪላ ውስጥ ነው። ከኮምቦልቻ ከመጣሁ ወር አልሞላኝም። አረብኛ ስለማልሰማ አሠሪያችን ማዳም ስትጣራ ጨርቅ ይዤ ወደ ተሳሳተ ክፍል እሮጣለሁ። ሐዋ የባቲ ሰው ናት፤ በዚያ ቤት ስትሠራ ብዙ ዓመቷ ነበር። ረጅም፣ ቀጭን፣ መነጽሯ አፍንጫዋ ጫፍ ላይ የሚቀመጥ። ስትቆጣ ድምፅዋን ከፍ አታደርግም፤ ዝቅ ታደርጋለች። የመጀመሪያ ቀን መጥረጊያ ይዤ ሳሎኑን ስጠርግ ከኋላዬ መጥታ እጄን ያዘችኝ።

«በደረቁ አትጥረጊ» አለችኝ በሹክሹክታ። «አቧራ ጠረግሽው ማለት ሄደ ማለት አይደለም። ይነሳና ሰው ውስጥ ይገባል። ጨርቅሽን አርጥቢ።»

በዚያ ቤት መስኮት፣ በር፣ ወለል ሁሉ በእርጥብ ጨርቅ ነው የሚጸዳው። የማዳም ልጆች ከውጭ ሲገቡ ሐዋ ጫማቸውን ደጅ ታስወልቃቸዋለች፣ እጃቸውን እስከ ክርናቸው ታጥባለች፣ ጥፍራቸውን በየሳምንቱ ትቆርጣለች። ማዳም እየሳቀች «ሐዋ ወስዋስ» ብላ ስም አውጥታላታለች፤ ታጥቦ ታጥቦ ገና አልታጠብኩም የሚል ሰው ማለት ነው። ሐዋ አትከፋም። «እሺ፣ ወስዋስ ነኝ» ትላለች፣ የልጁን እጅም እንደገና ታጥባለች።

የእረፍት ቀናችን አርብ ነበር። አብረን ስንሄድ አንድ የሚያስቀኝ ጠባይ ነበራት። የታጠረ ባዶ ቦታ ወይም አዲስ የሚሠራ ቤት ስታይ ትቆምና ዘበኛውን ሰላም ብላ «ከዚህ በፊት እዚህ ምን ነበር?» ብላ ትጠይቃለች። ሌላ ምንም አትጠይቅም። አንዱ ዘበኛ «አንቺ ሐበሺያ፣ ልትገዢው ነው እንዴ?» ብሎ ሳቀባት።

«አይደለም» አለችው። «እንዲያው ማወቅ ስለምወድ ነው።»

እኔም ከዘበኛው ጋር ሳቅኩ። ልጅ ነበርኩ።

ከዓመታት በኋላ ኢድሪስን አገባሁ። አባቱ የወሎ ሰው፣ እናቱ ሱዳናዊት፤ ካርቱም ተወልዶ ያደገ የሪክሻ፣ ማለት የባጃጅ፣ ነጂ ነው። አማርኛው ትንሽ ነው፤ ሲናደድ ጨርሶ ይጠፋበትና አረብኛ ብቻ ይሆናል። የሱዳን ወረቀት ስላለው ቤት በስሙ መግዛት ይችል ነበር። ቤት መግዛት ደግሞ ከልጅነቱ ጀምሮ የሚያወራው ነገር ነው፤ እናቱ በኪራይ ስትንከራተት ነው ያሳደገችው።

ኑራ አንድ ዓመት ከመንፈቅ ሲሆናት ሲምሳሩ፣ ማለት ደላላው፣ ጀብራ ሰፈር ዳር ያለ ቤት አሳየን። ሁለት ክፍል፣ ሰፊ ግቢ፣ አዲስ ኖራ የተቀባ አጥር። ግቢው ሁሉ ቀይ አሸዋ ተደልድሎበታል፣ ምንጣፍ ይመስላል። ዋጋው ከአካባቢው በጣም ያንስ ነበር።

«ለምን ረከሰ?» አለው ኢድሪስ።

«ባለቤቱ አገር ለቆ ሊሄድ ነው፣ ቸኩሏል» አለ ሲምሳሩ። «ደግሞ አንተ የደረስክበት ቀን ነው። ሪዝቅህ ነው፣ አላህ የሰጠህ።»

ያለንን አብዛኛውን ከፈልን። ወረቀቱ እስኪያልቅ ግቡ ተባልንና ገባን። ኑራ እግር ያወጣችው እዚያ ግቢ ውስጥ ነው። ቀኑን ሙሉ አሸዋው ላይ ትውላለች፤ ስትቀመጥ በእፍኟ እያነሳች ወደ አፏ ታደርጋለች። ስቆጣት ትስቃለች። እናቶች ሁሉ ልጅ አፈር ይበላል፣ ይተወዋል ይላሉ። እኔም እንደዚያ አልኩ።

ሐዋ የመጣችው ከገባን በአራተኛው ወር፣ ከኸሪፉ፣ ከክረምቱ ዝናብ በኋላ ነው። ስኳርና ሻይ ይዛ፣ ቶብ የሚሉትን ነጭ መጎናጸፊያ ለብሳ፣ ቤቱን ልትመርቅልን። በሩን ከፍቼ አቀፍኳት። ከትከሻዬ በላይ ግቢውን አየች፣ እቅፏም ላላ።

«ዘይኑ፣ ከዚህ በፊት እዚህ ምን ነበር?»

«ምንም። ባዶ መሬት ነበር አሉን።»

«ካርቱም ውስጥ ባዶ መሬት የሚባል የለም» አለች፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

ጎርፉ የግቢውን አንድ ጥግ አጥቦት ነበር። ቀዩ አሸዋ ሄዶ ከሥሩ ጥቁር አፈር ታይቷል። በየሰው አጥር ሥር ከዝናቡ በኋላ ሣር በቅሏል፤ እዚያ ጥግ ግን አንድ ቅጠል የለም። እኔ አራት ወር ኖሬ አላየሁትም። እሷ ገና ሳትቀመጥ አየችው።

ቢላዋ ስጪኝ አለች። ውሃም። የቶቧን ጫፍ አፍንጫዋ ላይ አሰረች፣ መሬቱን በውሃ አራሰችው፣ ከዚያ ተንበርክካ በቢላዋው ጫፍ መቆፈር ጀመረች። ብዙም አልቆፈረችም። የተሰባበረ ጥቁር ፕላስቲክ ወጣ። ከሥሩ ደግሞ ግራጫ፣ ባቄላ የሚያካክሉ ጉብታዎች። አንዱን በውሃ አጥባ መዳፌ ላይ አስቀመጠችው።

«ክብደቱን እዪ።»

ትንሽ ነገር ነው፣ ግን እጄን ወደ ታች ጎተተው። ምን እንደሆነ ልጠይቃት ቀና ስል ፊቷ አመድ መስሏል። እኔን አይደለም የምታየው። ዞር ስል ኑራ ከኋላችን መጥታ ከተቆፈረው አጠገብ ቁጢጥ ብላለች። አፏ ዙሪያ ጠቁሯል።

ሐዋ ልጅ ስትመታ አይቼ አላውቅም። ያን ቀን የኑራን እጅ በጥፊ መታች፣ አነሳቻት፣ ጣቷን አፏ ውስጥ ከታ አፈሩን ጠረገችላት፤ ወደ ውሃው በርሚል ሮጣ ታጥባት ጀመር። ኑራ ትጮሃለች። ሐዋ ታለቅሳለች። እኔ ቆሜ አያለሁ። ሰው ሲያለቅስ ምክንያቱን ካላወቅሽው የበለጠ ያስፈራል።

ታሪኳን የነገረችኝ ያኔ ነው፣ ልጄን ጭኗ ላይ አስቀምጣ። ሰሚራ የምትባል ልጅ እንዳለቻት አውቅ ነበር፤ የማትናገር፣ ከቤት የማትወጣ፣ «ስትወለድ ታማ ነው» የምትላት። ስትወለድ አልታመመችም ነበር።

የሐዋ ባል የሚሠራው ያረጁ የመኪና ባትሪዎች በሚሰበሩበት ዋርሻ፣ ማለት ወርክሾፕ፣ ውስጥ ነበር። ባትሪውን በመዶሻ ይፈልጣሉ፣ አሲዱን መሬት ላይ ያፈሱታል፣ ውስጡ ያለውን ብረት በድስት አቅልጠው ይሸጣሉ። የሚኖሩትም ከዋርሻው አጥር ጀርባ ባለች አንዲት ክፍል ነበር። ባሏ ማታ ሲመጣ ልብሱን የምታጥብበት ሳፋ፣ ጠዋት ሰሚራን የምታጥብበት ሳፋ ነው። ልጅቷ ሁለት ዓመት ሲሞላት ያወቀቻቸውን ቃላት አንድ በአንድ ተወች። መጀመሪያ «ባባ» ጠፋ። ከዚያ «ሞያ»፣ ውሃ ማለቷ ነው፣ ጠፋ። አንድ ቀን ወድቃ ተንዘፈዘፈች። ጂን ነው ተባለ፣ ሼህ ዘንድ ተወሰደች። በመጨረሻ አንድ ሐኪም ደሟን አስመረመረና «በልጅሽ ደም ውስጥ ረሳስ አለ» አላት።

«ረሳስ በአረብኛ ጥይትም ነው» አለችኝ ሐዋ። «ልጄ ተመታች መሰለኝ። ልብሷን ገፍፌ ቁስሉን ስፈልግ፣ ጀርባዋን ሳገላብጥ፣ ሐኪሙ እያየ አለቀሰ። ከዚያ ገባኝ። እርሳስ ነው። ከባትሪው የሚወጣው። ቁስል የለውም፣ ዘይኑ። ሽታ የለውም። ልጁ ሲጫወት፣ ሲስቅ ይገባል።»

ባሏ በኋላ ወደ ሊቢያ ሄዶ ድምፁ ጠፋ። ሐዋና ሰሚራ ቀሩ።

ኢድሪስ ሲመጣ ነገርኩት። አላመነም። «ኻላስ፣ በቃ፣ ያቺ ወስዋስ ናት! በቤታችን ቀንታ ነው» ብሎ ጮኸ። እኔ ኑራን አቅፌ ከአጥራችን ማዶ ወደምትኖር አሮጊት ሄድኩ፤ ሰፈሩ ሁሉ ሐቦባ፣ አያቴ፣ ይላታል። ከሐዋ የተማርኩትን ጥያቄ ጠየቅኳት።

«አልነገሯችሁም?» አለች ሐቦባ። «ዋርሻ ነበር እኮ። ጭሱ ጉሮሮ ያቃጥላል። ሁለት ፍየሎቼ ከዚያ አጥር ሥር ልሰው ሞቱብኝ። ከተዘጋ በኋላ ቀይ አሸዋ በመኪና አምጥተው ሲደፉ አየሁ። ሰው አይገባበትም ብዬ ነበር።»

ኢድሪስ ከኋላዬ ቆሞ ሰምቷል። ያንኑ ቀን ከሰዓት በኋላ ፍራሻችንን ሪክሻው ላይ ጭነን ደይም ሰፈር የሐዋ ክፍል ገባን። ልብሳችንን ሁሉ ደጅ ላይ አስወልቃ ዘፈዘፈችው።

የኑራ ደም ተወሰደ። እዚያ የሚመረመርበት ስለሌለ ወደ ሌላ ቦታ ይላካል፣ ጠብቁ ተባልን። ሁለት ሳምንት ጠበቅን። እንደዚያ ሁለት ሳምንት የፈራሁበት ጊዜ የለም፤ ጦርነቱ ሲመጣ እንኳ፣ ከጣራችን በላይ ሲተኮስ፣ እንደዚያ አልፈራሁም። ጥይት ድምፅ አለው፣ ሰው ይደበቃል። ይሄ ግን ልጄ ውስጥ ገብቷል ወይም አልገባም፣ እኔም እያየኋት ማወቅ አልችልም። ስትወድቅ፣ እግሯ ሰነፈ እላለሁ። ሳትበላ ስትቀር፣ ጀመራት እላለሁ። ጠዋት ገና ዓይኗን ስትገልጥ ኩባያ አሳያትና «ይሄ ምንድነው?» እላታለሁ። «ሞያ» ስትል እፎይ እላለሁ። አንድ ቀን ኩባያውን አይታ ዝም አለችኝ። ደጋግሜ ጠየቅኳት። ጮህኩባት። ፈርታ ማልቀስ ስትጀምር ሐዋ መጥታ ኩባያውን ከእጄ ወሰደችው።

«ገና ከእንቅልፏ መንቃቷ ነው፣ ተያት» አለችኝ። «እኔ እንደዚህ ሳደርግ ሰሚራ የመጨረሻ ቃሏን የተናገረችው እኔን እየፈራች ነው።»

ሰሚራ ጥግ ላይ ተቀምጣለች። ያኔ አሥራ አምስት ዓመቷ ነው። መልከ መልካም ናት፣ እናቷን ትመስላለች። ሐዋ አፏን ትጠርግላታለች፣ ፀጉሯን ትሠራላታለች፣ ስታጎርሳት «አንድ ለሐዋ፣ አንድ ለሰሚራ» እያለች ነው። ኢድሪስ በመጀመሪያው ቀን ሊያያት አልቻለም። ወጥቶ ሪክሻው ላይ ተቀምጦ ዋለ።

ውጤቱ መጣ። እርሳስ በደሟ ውስጥ አለ፣ መሆን ከሚገባው በላይ ነው። ግን እንደ ሰሚራ አይደለም። ሐኪሟ «ዋናው መድኃኒት ከዚያ አፈር መራቋ ነው፤ ወተትና ደም የሚሠራ ምግብ ስጧት፣ ከሦስት ወር በኋላ እንደገና እናያለን» አለች። «ትድናለች?» ብዬ ጠየቅኳት። «በጊዜ ነው የደረሳችሁት» አለች። አዎ አላለችም። ያን ልዩነት እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።

አሁን የማፍርበትን ልናገር። ሲምሳሩ ገንዘባችሁን አልመልስም፣ ከፈለጋችሁ እኔው ለሌላ ልሽጥላችሁ አለን። ኢድሪስ ተስማማ። «እኛም እንደዚያው ነው የተሸጠልን» አለ። እኔም ተስማማሁ። ያለንን ሁሉ እዚያ መሬት ላይ አፍስሰናል። ኑራ ወተት ያስፈልጋታል። አፍና አፍንጫችንን አስረን ሄደን፣ ጎርፍ ያጠበውን ጥግ በአዲስ ቀይ አሸዋ ሸፈንነው። በገዛ እጄ ደለደልኩት።

ለሐዋ አልነገርኳትም፣ ግን ጫማዬ ላይ ቀዩን አሸዋ አየች። መጮህ አትችልበትም መቼም። ወደ ግቢዋ ጥግ ይዛኝ ሄደች።

«እኔም ሸጫለሁ» አለችኝ።

አልገባኝም።

«ያቺን የዋርሻውን ክፍል። ሐኪሙ ከነገረኝ በኋላ ልወጣ ስል፣ ባለቤቱ ተተኪ ካላመጣሽ ቀብድሽን አልሰጥም አለኝ። ከወሎ ገና የመጣች አንዲት ሴት ነበረች፣ ሁለት ልጆች ያሏት። ንጹህ ቤት ነው አልኳት። ቁልፉን ሰጠኋት። በዚያ ገንዘብ ለሰሚራ መድኃኒት ገዛሁ።» መነጽሯን አወለቀች። «ከአራት ወር በኋላ እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ ልነግራት ሄድኩ። የሉም። የት እንደሄዱ የሚያውቅ የለም። ስሟን እንኳ በደንብ አልያዝኩም። ትንሹ ልጅ ጉንጩ ላይ ጠባሳ አለው። ይሄን ሁሉ ዓመት ገበያ ስሄድ፣ አውቶቡስ ስሳፈር፣ የወጣቶቹን ጉንጭ ነው የማየው።»

«አትሽጡ» አላለችኝም።

ገዢዎቹ በማግስቱ ከአስር ሰዓት በኋላ መጡ። አንድ ወጣት አስተማሪና ሚስቱ። ሐዋ ከእኛ ጋር ሄዳ አጥሩ ሥር ቆማ ነበር። ኢድሪስ በቁጣ አያት፤ ታበላሽብናለች ብሎ ጠብቋል። እኔም ትናገራለች ብዬ ጠብቄያለሁ፤ እንድትናገርልኝ ፈልጌም ነበር። ሐዋ ግን እኔን ብቻ ታያለች። ሲምሳሩ ግቢውን እያሳየ ይለፈልፋል። ሴትዮዋ ደክሟት ግድግዳውን ተደገፈች፣ ቶቧም ወደ ኋላ ሲሸሽ ሆዷ ታየ።

«ስንት ወርሽ ነው?» አልኳት።

«ሰባት። ኢንሻአላህ እዚህ ግቢ ውስጥ ነው የሚያድገው» አለች እየሳቀች።

«አትግዙት» አልኩ። «መሬቱ መርዝ አለበት። የባትሪ ዋርሻ ነበር። የእኔ ልጅ ታማለች።»

ሲምሳሩ ወደ እኔ መጣ። «አንቺ ኢቃማ የለሽም» አለኝ፣ ጣቱን ዓይኔ ላይ ቀስሮ። «አሁን ቦሊስ እጠራለሁ። ከልጅሽ ለይተው ድንበር ያሻግሩሻል። ገባሽ?» የመኖሪያ ፈቃዴ ማለፉን ያውቅ ነበር። ኑራ ያለ እኔ ስትቀር ታየኝ።

ሐዋ በመካከላችን ገባች። የእሷም ወረቀት ያለፈበት ነበር። «ጥራ» አለችው በዝቅተኛ ድምፅዋ። «እኔ ደግሞ እነሱ ፊት ቁጭ ብዬ እቆፍራለሁ። ሐቦባም ትመሰክራለች።» አስተማሪው ሚስቱን ደግፎ ወጣ። ኢድሪስ ራሱን ይዞ መሬት ላይ ተቀመጠ፣ ከቆይታ በኋላም ተነስቶ ከሐዋ ጎን ቆመ። ሲምሳሩ እየተሳደበ ሄደ። ቦሊስ ለብዙ ሳምንት ጠበቅን፤ በር በተንኳኳ ቁጥር ኑራን ለመዲና አቀብላለሁ። አልመጡም።

መሬቱን በመጨረሻ የገዛን ብሎኬት የሚያከማች ነጋዴ ነው። ኢድሪስ ሁሉንም በምስክር ፊት ነገረው፣ ወረቀቱ ላይም አስጻፈው። ሰውዬው ግቢውን በሙሉ ኮንክሪት አለበሰው። ያገኘነው ከከፈልነው እጅግ ያነሰ ነው። ከዚያ በኋላ በኪራይ ኖርን።

ኑራ አሁን ትማራለች። ማንበብ ከእኩዮቿ ዘግይታ ነው የጀመረችው፤ ቁጥር ይጠፋባታል። አስተማሪዋ በጦርነቱ ብዙ ልጅ እንደዚያ ሆኗል ትለኛለች። ከጦርነቱ ይሁን ከአፈሩ የሚነግረኝ የለም። ስትረሳ ግን አልጮህባትም። ያንን ሐዋ አስተምራኛለች።

ከካርቱም ስንወጣ ሐዋ አብራን እንድትመጣ ለምነናት ነበር። ሰሚራ በሰው የተሞላ መኪና ውስጥ ስትገባ ትጮሃለች፣ ራሷን ትመታለች፤ በየኬላው ማን ይታገሰናል ብላ ቀረች። ተኩስ ሲሰማ ሰሚራን አልጋ ሥር አስገብታ በላይዋ ላይ ትተኛ እንደነበር መዲና ነግራኛለች።

የመዲናን መልእክት እስከ መጨረሻው የሰማሁት በሁለተኛው ቀን ነው። መጨረሻው ላይ «ሰሚራ እኔ ጋ ናት፣ ግን እኔም በሚቀጥለው ሳምንት ወደ አገሬ ልነሳ ነው፣ ምን ላድርጋት?» ይላል። ኢድሪስ አጠገቤ ተቀምጦ ሰማ። ሐዋን ወስዋስ ብሎ የሰደበው ኢድሪስ። ተነሳ፣ የኑራን አልጋ ወደ ግድግዳው ገፋ፣ ባዶ የሆነውን ቦታ በእርምጃው ለካው።

በማግስቱ ጠዋት ወደ ካርቱም ሄደ። የመንገዱን አደጋ ስለማውቅ አራት ቀን ምግብ አልወረደልኝም። ዛሬ ከሰዓት በኋላ ደወለ።

«ይዣታለሁ» አለኝ፣ በዚያ በተሰባበረ አማርኛው። «አውቶቡስ ውስጥ ነን። መጀመሪያ በጣም ጮኸች። ሰዎቹ አውርዷት አሉ፣ እንቢ አልኩ። አሁን ዝም ብላለች። እጄን ይዛለች ዘይነብ፣ አልለቅም ብላለች።»